ቀዳዳ የሌለው ቱቦ

ሊበን የሚለው ይህን ነው። ከከተማው ወደ ሜዳው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረገጠ፤ ያዘለት። ደግሞ ረገጠ፤ ያዘለት። ሦስተኛውን ሲረግጥ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ድንጋይ ሆነ። ከወንበሩ ተነስቶ ረገጠው፤ በሁለት እግሩ ረገጠው፤ መኪናው ግን እንዳልሰማ ሰው መንገዱን ቀጠለ። በግራው ገደል ነበር፣ ከፊቱ ከብት የጫነ ሎሪ። በቀኙ ለመንገድ ሥራ የተከመረ አፈር ስላየ መሪውን ወደዚያ ጠመዘዘው። ወተቷን ሸጣ ተሳፍራ ወደ ቦሪ መንደር ትመለስ የነበረችው ዋሪቱ ጭኗ የተሰበረው ያኔ ነው። ሌሎቹ እየጮኹ ወረዱ። ሊበን አላንቀላፋም፤ ይህን ስናገር እግዜር ይስማኝ ይላል።

እትዬ ብዙወርቅ የሚሉት ደግሞ ይህን ነው። ሚኒባሱ የእሳቸው ነው፤ ለመኪናቸውም ከሆቴላቸው ባላነሰ ይጠነቀቃሉ። ሊበን ሚራ የሚሉትን ጫቱን ሲያኝክ ሰንብቶ እንቅልፉ ሲመጣበት መሪው ላይ ተኝቷል፤ የነቃው ከአፈሩ ጋር ሲላተም ነው። ፍሬኑ እንከን የለበትም። በማግስቱ ሦስት ሰው በእሳቸው ፊት ረግጦታል፦ ፈንዲ የሚሉት ከሌላ ጋራዥ የተጠራ መካኒክ፣ ልጃቸው ባምላክና ጎረቤት ያለው የሎሪ ሾፌር። ሦስቱም ለስላሳ ነው አሉ። «ሰው እየመረጠ የሚይዝ ፍሬን አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላሉ እትዬ ብዙወርቅ። ሊበንን በዚያው ቀን አሰናበቱትና ቁልፉን ለባምላክ ሰጡት።

መካኒኩ ጌድዮን ሁለቱንም ሰምቷል፤ ችግሩ ሁለቱንም ማመኑ ነበር። ሊበን ሲዋሽ ዓይኑ ወደ መሬት የሚሄድ ሰው ነው፤ ይህን ሲናገር ግን ዓይኑ አልወረደም። እትዬ ብዙወርቅ ደግሞ ያሳደጉት ሴት ናቸው። እናቱ ስትሞት ከሆቴላቸው ጓዳ አጠገብ ክፍል ሰጥተው ከባምላክ ጋር ከአንድ ሳህን እያበሉ አሳደጉት፤ ኮሌጅ ገብቶ መካኒክነት ሲማርም በየበዓሉ ድፎ ዳቦ በአውቶቡስ ይልኩለት ነበር። ውሸት የሚባል ነገር አይወዱም። ፍሬኑን ደህና ነው ያሉት ደህና ሆኖ ስላገኙት ነው።

በዚያ ጠዋት ባምላክ ሚኒባሱን ከሆቴሉ ጓሮ ባለው የጌድዮን ጋራዥ የቆርቆሮ ጥላ ሥር አስገብቶ አቆመ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከቁልቁለቱ ወዲያ ሶሎሎ ላይ ሱቅ የነበራቸው አጎቱ ወልደ ሥላሴ ማረፋቸው ሲነጋ ለቤተሰቡ በስልክ ተነግሮ ነበር። ቀብሩ በዚያው ቀን ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ።

ጌድዮን ነፍስ ይማር ብሎ አቀፈው። ባምላክ ትንሽ ደረቱ ላይ ቆየና ራሱን አላቀቀ።

«ያቺ የዳሽቦርዱ መብራት ደግሞ በራች። አጥፋልኝማ። ሰባት ሰዓት ላይ ለቀስተኛ ይዤ እወጣለሁ።»

«ስንት ጊዜ አጠፋሃት?»

«እኔ እንጃ። የባትሪውን ሽቦ ነቀል ሳደርጋት ትሄዳለች፤ ትንሽ ቆይታ ትመለሳለች። እንደ ቤት አከራይ ናት።»

«መብራቷ እኮ በሽታው አይደለችም። በሽታ አለ ባይ ናት።»

«መምህር ሆይ፣ ስብከቱን ከቀብር በኋላ አድርገው።»

ጌድዮን ስካነሩን ከመሪው ሥር ሰካ። P050F የሚል ኮድ ወጣ። ስካነሩ ርካሽ ነው፤ ምን እንደተፈጠረ ይናገራል እንጂ መቼና የት እንደተፈጠረ አይናገርም። የተፈጠረው ግን ግልጽ ነበር፤ የፍሬኑ ቫኩም ጎድሏል። የዚህ ዓይነት መኪና በሾፌሩ እግር ጉልበት ብቻ አይቆምም። ሞተሩ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ የሚፈጠረው ቫኩም በአንዲት ጥቁር ቱቦ አልፎ ሰርቮ ከሚባለው ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ይደርሳል፤ ሰርቮው ደግሞ ከእግር ጋር አብሮ ፍሬኑን ይገፋል። ቫኩሙ ከቀረ እግሩ ብቻውን ይቀራል።

ባምላክ የጌድዮንን ፊት አየ። «ምን አለች?»

«ሊበን ያለውን የምትመስል ነገር አለች።»

«ተው እንጂ! እማዬ እንዳትሰማህ።»

ቫኩም ጎደለ ሲባል የማንኛውም መካኒክ ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ቀዳዳ ነው። ጌድዮንም ወደዚያው ሮጠ። ሞተሩን አስነስቶ በየመገጣጠሚያው ጆሮውን አስጠግቶ የሚያፏጭ አየር ፈለገ፤ የለም። ከቀለም ቆርቆሮ ራሱ በሠራው ማጨሻ በቱቦዎቹ ውስጥ ጭስ ለቀቀ፤ ከየትም ቦታ ክር የምታህል ጭስ እንኳ አልወጣችም። መለኪያ ከሞተሩ ጋር አገናኘ፤ መርፌዋ መቆም ያለባት ቦታ ላይ ጸጥ ብላ ቆመች። ፔዳሉን ረገጠ። ለስላሳ ነው። ሦስቱ ሰዎች እንዳሉት፣ እትዬ ብዙወርቅ እንዳሉት፣ ለስላሳ።

ቀዳዳ ቢያገኝ ደስ ይለው ነበር። ቀዳዳ ይደፈናል። ይህ ግን አንዲት መብራት እየበራች እየጠፋች የምትጠራው፣ ሲፈልጉት የሌለ ነገር ነበር፤ ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ ያሳደጉት ሴትና አብሮት ያደገው ልጅ ከነለቀስተኛው ተሳፍረው በዚያ ቁልቁለት ሊወርዱ ነው። ከዚያ በፊት ካላገኘው የሚቀረው ሥራ መለኪያውን መሰብሰብና እጅ ማውለብለብ ብቻ ነው።

እትዬ ብዙወርቅ ጥቁር ለብሰው በሆቴሉ የጓሮ በር መጡ። ድምፃቸው በለቅሶ ሻክሯል።

«ጌዲዬ፣ ምን አገኘህ?»

«እትዬ፣ ኮዱ የፍሬኑ ቫኩም ጎድሏል ይላል። የጎደለበትን ቦታ ግን አላገኘሁትም።»

«ካላገኘኸው የለማ።»

«ወይም ገና አልደረስኩበትም። ዛሬ በሌላ መኪና ብትሄዱስ?»

«በየትኛው? ማታቱ የተባለ የሕዝብ መኪና ሁሉ ጎህ ሲቀድ ወጥቷል። ወንድሜን ባዕድ ይቅበረው? እኔ ሳልደርስ አፈር ይመለስበት?» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ደህና መኪና ነው። አንተ የሊበንን ወሬ ሰምተህ ነው።»

ጌድዮን ጣቱን በጥቁሩ ቱቦ ላይ አድርጎ ተጫነ። እንደ እንጨት ጠንካራ ነው። «ይህቺ ቱቦ አብራው የመጣች አይደለችም። መቼ ተቀየረች?»

«ከፋሲካ በፊት። የድሮዋ ተሰነጣጠቀች። የራሷ ከናይሮቢ እስክትመጣ ጠብቁ አሉኝ፤ እስከዚያ መኪና ይቁም? ከአብዱራሺድ ሱቅ እኔው ራሴ በሜትር አስቆርጬ ገዛኋት። ለቦሪ ጉድጓድ ፓምፕ የሚሸጣት ናት። ፊቴ በኮምፕረሰር ነፋት። ግመል ቢቆምባት አትፈነዳም አለኝ። ይኸው፣ ፈነዳች?»

አልፈነዳችም። አብዱራሺድ የሸጠው የተናገረውን ነው። በዚህ አካባቢ ቱቦ ማለት ውሃን ከጉድጓድ ወደ ከብት ገንዳ የሚያደርስ ነገር ነው፤ ጥሩ ቱቦ ሲነፋ የሚችል ነው፤ የሚገዛውም የሚሸጠውም በዚህ ይስማማል። ጌድዮንም የሚያፏጭ ነገር አጥቶባት ጣቱን አነሳ።

እትዬ ብዙወርቅ ሲመለሱ ወደ ስቴጁ፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ ሄደ። ሊበንን ከአውቶቡስ የወረደ የሽንኩርት ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ አገኘው። መሪ ከተከለከለ ጀምሮ ሥራው ይህ ነው።

«ምን ፈለግህ ፈንዲ? የሚስቁበት ሲያጡ ነው ሰዎች ወደ እኔ የሚመጡት» አለ ሊበን።

«ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«መርምረው ጨረሱ አይደል? ሦስት ሰው ለስላሳ ነው አለ። ሦስቱም የረገጡት የቆመ መኪና ነው። የቆመ መኪና ላይ ሚስቴም ጎበዝ ሾፌር ናት።»

ጌድዮን ሳይፈልግ ሳቀ። «ቁልቁለቱን ስትወርድ እግርህ ነዳጅ ላይ ነበር?»

«እብድ ነኝ? ማርሽ ቀንሼ፣ ነዳጅ ለቅቄ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው አድርጌ ነው የምወርደው። ሁሌም እንደዚያ ነው።»

«ሞተሩስ ግሎ ነበር?»

«ረፋዱን ሙሉ እስከ ኦዳ እየተመላለስኩ ተሳፋሪ ስለቅም ነበር። እንደ ምድጃ ነበር።»

«ከአደጋው በኋላ ኮፈኑን የከፈተው ማነው?»

ለሊበን ጥያቄው ሞኝነት መሰለው። «ሞተር ሳይበርድ ማን ይከፍታል? ፈንዲው የመጣው በማግስቱ ነው።»

ጌድዮን ቆመ። እውነት ነው። አንድ አንጋፋ ፈንዲ የራዲያተር እንፋሎት ፊቱ ላይ ፈንድቶበት ዓይኑን ካጣ ወዲህ በዚህ ከተማ የጋለ ሞተር የሚከፍት የለም። መኪና ጋራዥ ሲመጣ ኮፈኑ እንደተዘጋ ይቆያል፤ ሾፌሩም ፈንዲውም ሻይ ይጠጣሉ፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ሥራ ይጀመራል። እሱም ጠዋት ያደረገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ያቺን ሞተር ግላ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ነዳጅ ተለቅቆላት ያያት ሰው የለም። ሁሉም የመረመራት ጤነኛ በሆነችበት ሰዓት ነው።

«ዛሬ የሚወጣባት ማነው?» አለ ሊበን።

«እትዬ ብዙወርቅ። የወንድማቸው ቀብር ነው። ባምላክ ይነዳል።»

ሊበን ጆንያውን ቀስ አድርጎ አወረደ። ስለ ሴትዮዋ ክፉ ነገር ይናገራል ብሎ ጌድዮን ጠብቆ ነበር። አልተናገረም።

«ሁለት ጊዜ ትይዝለታለች» አለ። «ንገረው። ሁለት ጊዜ ብቻ ናት።»

ጌድዮን እየሮጠ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ መለኪያውን ያገናኘው ከሞተሩ በኩል ሳይሆን ከቱቦዋ ወዲያ ማዶ፣ ከሰርቮው በኩል ነው። ቀጭኑን ጎማ በመስኮት አስገብቶ መለኪያውን ከመሪው አጠገብ በፕላስተር አሰረው። ባምላክን አሳምኖ፣ ግማሽ ለምኖ፣ ግማሽ ተቆጥቶ፣ መኪናውን ባዶውን ይዘው ወጡ። እስከ ኦዳ ደርሰው ተመለሱ፤ ደግመው ሄዱ። ፀሐዩ ከአናት ላይ ነበር። የሞተሩ ሙቀት በወለሉ አልፎ የጫማቸውን ሶል ያሞቀው ጀመር።

«ነዳጅ ለመጨረስ ነው እንዴ ያመጣኸኝ?» አለ ባምላክ።

«አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ማርሽ ቀንስና ነዳጅ ልቀቅ።»

መንገዱ ከፊታቸው ተጠማዝዞ ወረደ። ከታች ሜዳው እስከ ዓይን ማብቂያ ተዘርግቷል፤ ምንም የሚንቀሳቀስ የለበትም። ባምላክ እግሩን ሲያነሳ ሞተሩ አጉረመረመና መኪናውን ያዝ አደረገው።

«ርገጥ።»

ባምላክ ረገጠ። የመኪናው ፍጥነት ቀነሰ። የመለኪያዋ መርፌ ወደቀች። ወድቃ ወዲያው መነሳት ነበረባት፤ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። አሁን ግን በወደቀችበት ቀረች።

«ሌላ አትርገጥ» አለ ጌድዮን።

«ግመሎች!»

ከመታጠፊያው ወዲያ የግመል ሰልፍ መንገዱን ያቋርጥ ነበር። ባምላክ ረገጠ፤ መኪናው ያዝ አደረገና ለቀቀ። መርፌዋ ዜሮ ላይ ተኛች። ሦስተኛ ሲረግጥ ጉልበቱ ሲቆለመም ጌድዮን አየው። ባምላክ ከወንበሩ ተነስቶ በመላ ሰውነቱ ፔዳሉ ላይ ቆመ፤ ፔዳሉ ደግሞ እንደ ግድግዳ ቆመ። ጌድዮን የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ሳበ፤ ባምላክ ማርሹን ወደ አንደኛ ጣለው፤ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ወደ ጠርዙ ተጎትቶ፣ ድንጋይ አሽቶ፣ የመጨረሻዋን ግመል ጅራት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። እረኛው በትሩን ወዘወዘባቸውና በቦረንኛ ረገማቸው። ከዚያ ግመሎቹ አለፉ።

«ሞተሩን እንዳታጠፋ» አለ ጌድዮን።

ሸሚዙን አውልቆ እጁ ላይ ጠቅልሎ ኮፈኑን ከፈተ። ትኩሱ ፊቱን መታው። የራዲያተሩን ክዳን ሳይነካ ጎንበስ አለ።

ጥቁሯ ቱቦ ቱቦ መሆኗ ቀርቶ ነበር። ከመሃሏ ተጣብቃ፣ እንደ ባዶ አንጀት ተጠፍጥፋ፣ ሁለት ከንፈሯ ተገጥሞ ነበር። ሞተሩ በስተዚያ በኩል በኃይል ይስባታል፤ የጋለው ጎማ ለስልሶ መሃሏ ይዘጋል፤ ወደ ሰርቮው የሚደርስ ነገር የለም። ለመገፋት ነው የተሠራችው። ለመሳብ አይደለም። ቁልቁለት ሲሆን፣ ነዳጅ ሲለቀቅ፣ ሞተሩ ከሌላ ጊዜ ሁሉ አብልጦ የሚስበው ያኔ ነው፤ ፍሬን ከሌላ ጊዜ ሁሉ አብልጦ የሚፈለገውም ያኔ ነው።

«አሁን አጥፋው። ና፣ እይ።»

ባምላክ ወርዶ አጠገቡ ቆመ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ሁለቱ ሲያዩዋት ቱቦዋ ቀስ እያለች ተነፋች። የተገጠመው ከንፈር ተላቀቀ፤ ጎኗ ሞላ፤ ክብ ሆነች። ትንሽ ቆይታ ምንም ያልደረሰባት፣ ማንም ጥፋት የማያገኝባት ጥሩ ጥቁር ቱቦ ሆነች። ባምላክ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ፤ እባብ እንዳየ ሰው።

«ውስጧ ሽቦ ጠምዝዘን ብናስገባባትስ?»

«ውስጧ ተልጧል፤ ሽቦ ያለበት ቦታ ባትዘጋ የሌለበት ቦታ ትዘጋለች። እኔ ለቀስተኛ በሽቦ አልሸኝም። ትክክለኛዋ ዛሬ ብናዝዛት ከናይሮቢ ነገ ትደርሳለች።»

«ነገ» አለ ባምላክ። ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ለእማዬ እኔ ነኝ የምነግራት። አንተ ዝም በል።»

በአንደኛ ማርሽ እየተጎተቱ ወደ ከተማው ወጡ። ዳገት ስለሆነ ፍሬን አላስፈለጋቸውም።

ሆቴሉ በር ላይ ለቀስተኛው ተሰብስቦ ነበር። መኪናው እንደቆመ፣ ማንም ግቡ ሳይላቸው፣ ገቡበት። ጎረቤታቸው ቆንጂት ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ኋላ ያሉት ሴቶች ለቅሶውን እዚያው ጀመሩት። ባምላክ ቁልፉን በእጁ ይዞ ከመኪናው ፊት ቆመ። ጌድዮን ይናገራል ብሎ ጠበቀው። ባምላክ እናቱን አየ፤ አበባ የያዙትን እጃቸውን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ሞተሩ እየቀዘቀዘ ብረቱ ጠቅ ጠቅ ይል ነበር።

«እንውጣ እንጂ!» አሉ እትዬ ብዙወርቅ።

ጌድዮን ራሱ ተናገረ። ሁሉንም በደንብ አስረዳቸው፤ ስለ ቱቦዋ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቁልቁለቱ፤ ሳይቸኩል፣ ማንንም ሳይወቅስ።

እትዬ ብዙወርቅ ሰምተው ሲጨርሱ ቁልፉን ከባምላክ እጅ ወስደው በሾፌሩ በር ገቡ፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተቀመጡ፤ ሞተሩን አስነስተው ፍሬኑን ረገጡ። ደግመው ረገጡ። ሦስተኛም ረገጡ። ፔዳሉ ለስላሳ ነበር።

«ይኸው!»

«እትዬ፣ ሞተሩ አሁን ትንሽ በርዷል። መኪናውም ቆሟል።»

«ይኸው ረገጥኩት እኮ! በዓይኔ አየሁ፣ በእግሬ ረገጥኩ! አንተ የምትለው እውነት ከሆነ እንግዲህ ሊበን አልተኛም። ዋሪቱን የሰበርኳት እኔ ነኝ በለኛ!»

«የተዘጋችው ቱቦዋ ናት አልኩ እንጂ እርስዎ ነዎት አላልኩም።»

«ማን ገዛት ታዲያ?»



«ኧረ ሰዓቱ ሄደ!» አለች ቆንጂት ከመስኮቱ። «ፖሌ ፖሌ እያለ፣ ቀስ ብሎ ይንዳና እንድረስ! እግዚአብሔር ለቀብር የሚሄድ ሰው ይጥላል?»

«ቀስ ብሎ ይነዳል» አሉ እትዬ ብዙወርቅ፤ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱና ቁልፉን ለልጃቸው መለሱ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ባሚዬ፣ አንተ ነህ የነዳኸው። አንተ ንገረኝ። ይይዛል አይይዝም?»

ለቅሶው ከኋላ ወንበር ጋብ አለ። ሁሉም ባምላክን አዩ። ባምላክ ቁልፉን ጨበጠ። ጌድዮን በዚያች ቅጽበት ልጁ ይይዛል ሊል እንደሚችል አወቀ፤ አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ከአፉ ከወጣች መኪናው ይሄዳል።

ባምላክ ቁልፉን ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተተ።

«እማዬ፣ አይይዝም። ሊበን ያለው ሆኖብኛል፤ ሦስተኛው ላይ ቆሜበት አልያዘም። አልነዳም፤ ለሚነዳም ሰው ቁልፉን አልሰጥም። ጋሼ ወልደ ሥላሴ እኛ ሳንደርስ ይቀበሩ።»